የእባብ እንቁላል በርጭት አይድንም፦ እርጥበትን ስለ ማብዛት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቤት የሚያዙ እባቦችን እንቁላል ስለ ማስፈልፈል የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ በቅርቡ በአርቢዎች ዘንድ በሰፊው ሲነበብ ቆይቷል። ጽሑፉ የሚነሣው የእባብ እንቁላል ከምንም በላይ የሚሞተው በድርቀት ነው ከሚል እምነት ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ የሚሰጣቸው ምክሮች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፤ ቨርሚኩላይት (ውኃ የሚይዝ፣ ለእንቁላሎቹ ንጣፍ የሚሆን ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) እና ውኃ በኩባያ ተሰፍረው እኩል ለእኩል ይቀላቀሉ፤ እንቁላሎቹ በየቀኑ ውኃ ይረጩ፤ እንቁላሎቹ የሚቀመጡበት ሣጥን ክዳን በጠብታ መሸፈኑ እርጥበቱ መሟላቱን ያሳያል፤ ሣጥኑ ቀዳዳ አይኑረው፣ ክዳኑም ለርጭት ያህል ብቻ ገርበብ ብሎ ወዲያው ይዘጋ፤ የሰረጎደ ወይም የሻገተ እንቁላል ሞቷልና ከክምሩ ተላቅቆ ይጣል፤ እንቁላሎቹ እንደ ዶሮ እንቁላል አልፎ አልፎ ይገላበጡ፤ በመጨረሻም አንዱ ግልገል ቅርፊቱን ሰንጥቆ ብቅ ካለ የቀሩት በመቀስ ይከፈቱ። እነዚህን ምክሮች አምኖ የሚከተል አርቢ ጤነኛ እንቁላሎችን በገዛ እጁ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደ ጻፉ አልጠራጠርም፤ ያሰፈሩት ሁሉ ስሕተት ነውም አልልም። ስለ ሙቀት የሰጡት ልክ ትክክል ነው፤ ቦል ፓይተን የሚባለው የዘንዶ ዓይነት እንቁላል ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት ከ55 እስከ 60 ቀን ገደማ ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ ኮርን ስኔክ ለሚባለው እባብ ደግሞ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ይበቃል። ድርቀት እንቁላልን ይገድላል ማለታቸውም እውነት ነው። የእባብ እንቁላል ቅርፊት እንደ ወፍ እንቁላል ጠንካራ አይደለም፤ እንደ ብራና የሚተጣጠፍና ስስ በመሆኑ ውኃን በቀላሉ ያስገባል፣ በዚያው ልክም በቀላሉ ያስወጣል። ልዩነታችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጸሐፊው የሚጠይቁት ውኃው ምን ያህል እንደ በዛ ሲሆን፣ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ውኃው የት እንዳለ ነው። ውኃ በንጣፉ ውስጥና በሣጥኑ አየር ውስጥ ሲገኝ እንቁላሉን ያኖረዋል፤ በእንቁላሉ ገጽ ላይ ሲተኛ ግን ያፍነዋል። ከላይ ከተዘረዘሩት ምክሮች አብዛኞቹ ውኃውን የሚያደርሱት በማይፈለግበት ቦታ ነው።

ከድብልቁ ልጀምር፤ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው እንቁላሎቹ ሣጥን ከመግባታቸው በፊት ስለሆነ። ቨርሚኩላይትንና ውኃን እኩል ለእኩል መቀላቀል ብዙ አርቢዎች ሲሠሩበት የኖሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ያ ልክ የሚዛን ልክ እንጂ የኩባያ ልክ አይደለም። ደረቅ ቨርሚኩላይት እጅግ ቀላል ነገር በመሆኑ አንድ ሊትር የሚሞላው ወደ 100 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ውኃ ግን 1000 ግራም ነው። ስለዚህ በሚዛን የለካ ሰው ለ100 ግራም ቨርሚኩላይት 100 ግራም ውኃ ሲጨምር፣ በኩባያ የሰፈረ ሰው ለዚያው 100 ግራም 1000 ግራም ውኃ ያፈስበታል። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። ቨርሚኩላይቱ ይህን ሁሉ ውኃ መያዝ ስለማይችል የተረፈው ወደ ሣጥኑ ሥር ወርዶ ይጠራቀማል፤ የእንቁላሎቹም የታችኛው ገጽ ውኃ ውስጥ እንደ ተነከረ ይቀራል።

ይህ ለምን እንደሚገድል ጽሑፉ አንድም ቦታ አላነሣም። እንቁላል ይተነፍሳል፤ ሽሉ የሚያስፈልገው ኦክስጅን የሚገባውና የሚያስወግደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው በቅርፊቱ በኩል ነው። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ስለሆነ፣ በቅርፊቱ ላይ የተኛ ስስ የውኃ ሽፋን እንኳ ያንን መተላለፊያ ይዘጋዋል ማለት ይቻላል። ጉዳቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። ንጣፉ ከመጠን በላይ ሲርስ ውኃው ያለማቋረጥ ወደ እንቁላሉ ስለሚገባ እንቁላሉ ይነፋል፣ ቅርፊቱ ይወጠራል፣ አንዳንድ ጊዜም ተሰነጣጥቆ ፈሳሽ ያዣል። ይህን ያየ አርቢ እንቁላሉ መጀመሪያውኑ ደካማ እንደ ነበር አድርጎ ያስብና በሚቀጥለው ጊዜም በዚያው ኩባያ ይሰፍራል፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ከባድ አይደለም። የኩሽና ሚዛን ያለው ሰው ደረቁን ንጣፍ ይመዝንና በክብደቱ ልክ ወይም ከዚያ ጥቂት ባነሰ መጠን ውኃ ጨምሮ ያሸዋል። ሚዛን የሌለው ሰው በእጁ ይፈትነው፤ አንድ ጭብጥ ንጣፍ አጥብቆ ሲጨምቀው ተያይዞ መቆም አለበት፣ በጣቶቹ መካከል ግን ውኃ መንጠባጠብ የለበትም። ይህ የእጅ ፈተና በተለይ ቨርሚኩላይትን ከፐርላይት (ሌላ ቀላል የማዕድን ንጣፍ) ጋር ለሚቀላቅሉ ሰዎች ይጠቅማል፤ ሁለቱ ውኃ የሚይዙበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ አንድ ቋሚ ልክ ለሁሉም ድብልቅ አይሠራም።

ሚዛኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጽሑፉ ከሚመክረው የየቀኑ ርጭት እጅግ የሚሻለው መንገድ በእርሱ የሚገኝ ነውና በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ንጣፉና እንቁላሎቹ ተስተካክለው ከተቀመጡ በኋላ ሣጥኑ ከነክዳኑ ይመዘንና ክብደቱ በክዳኑ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ውኃ ከንጣፉ ወደ እንቁላሉ ቢገባ የሣጥኑ ጠቅላላ ክብደት አይለወጥም፤ ክብደቱ የሚቀንሰው በአብዛኛው ውኃው ተንኖ ከሣጥኑ ሲወጣ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚመዝን ሰው ምን ያህል ውኃ እንደ ጠፋ በግራም ያውቃል፤ የጎደለውንም ያህል ብቻ፣ ከሣጥኑ እኩል የሞቀ ውኃ፣ በሣጥኑ ዳርና ዳር ወደ ንጣፉ ቀስ ብሎ ያፈሳል። እንቁላሉን አይነካውም። ጥሩ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ የሚጎድለው ውኃ ብዙውን ጊዜ ጥቂት በመሆኑ፣ በየቀኑ የሚረጨው ውኃ በየትም አይሄድም፤ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየተጠራቀመ በትክክል የተቀላቀለውን ንጣፍ እንኳ ወደ ረግረግ ይለውጠዋል።

ጸሐፊው ለርጭቱ የሚያቀርቡት ማስረጃ ዘንዶዋ ከውኃ ወጥታ እርጥብ ገላዋን በእንቁላሎቿ ላይ ስለምትጠመጥም አርቢውም እርሷን መምሰል አለበት የሚል ነው። እናት ዘንዶን መመልከታቸው መልካም ሆኖ ሳለ የተረጎሙት በተቃራኒው ነው። እንቁላሏን የታቀፈች ፓይተን ከእንቁላሎቿ የምትለየው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ሥራዋም ውኃ ማምጣት አይደለም። አንታሬዢያ ቺልድረኒ በሚባለው የአውስትራሊያ ፓይተን ላይ በተደረጉ ምርምሮች እንደ ታየው፣ እናቲቱ ገላዋን አጥብቃ ስትጠመጠም ከእንቁላሎቹ የሚወጣውን ውኃ ታግዳለች፤ ነገር ግን ጥምጥሟ አየርንም ስለሚያግድ በየጊዜው ላላ እያደረገች ኦክስጅን እንዲገባ ትፈቅዳለች፣ ጥምጥሟን ባላላች ቁጥርም ጥቂት ውኃ ይጠፋል። እናት የምታደርገው ያለውን ውኃ መጠበቅና አየር ማስገባት ነው። እርሷን መምሰል የሚፈልግ አርቢ ደህና ክዳን ያለው ሣጥን ያዘጋጅ፣ በየጊዜውም ይክፈተው።

ወደ ጠብታው ስመጣ፣ በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ አሳሳች ሆኖ ያገኘሁት ይህን ክፍል ነው፤ አርቢው ችግሩን አይቶ ደስ እንዲለው ያስተምራልና። በክዳኑ ላይ የሚታየው ጠብታ የሚናገረው ስለ እርጥበቱ መብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ ሙቀቱ አለመስተካከል ጭምር ነው። በ31 ዲግሪ ሙቀትና በ90 ከመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለ አየር ወደ 29 ዲግሪ ዝቅ ሲል ጤዛ መጣል ይጀምራል፤ ይህም ማለት ክዳኑ ከእንቁላሎቹ አካባቢ በሁለት ዲግሪ ብቻ ቢቀዘቅዝ ጠብታ ይይዛል። ማሞቂያው ከሥር ብቻ በሆነ ጊዜ ነገሩ ይባባሳል፤ ውኃው ከሞቀው ከንጣፉ ሥር ይተናል፣ ከቀዝቃዛው ክዳን ጋር ሲገናኝ ወደ ጠብታነት ይመለሳል፣ ከዚያም በእንቁላሎቹ ላይ ይወርዳል። አረቄ የሚወጣበት መንገድ ይኸው ነው። ውጤቱም የንጣፉ ታች እየደረቀ የእንቁላሎቹ ራስ መርጠቡ ሲሆን፣ ደረቁን ንጣፍ ያየ አርቢ ውኃ ይጨምራል፣ የጨመረውም ውኃ ተመልሶ በእንቁላሎቹ ላይ ይዘንባል።

መፍትሔው ውኃውን ከመቀነስ በፊት ሙቀቱን ማስተካከል ነው። የቴርሞስታቱ (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ሙቀት የሚለካ ጫፍ በእንቁላሎቹ አጠገብ፣ በእነርሱ ከፍታ ይቀመጥ። ማሞቂያው ከሥር ብቻ ከሆነ ሣጥኑ በቀጥታ ባይነካው ይሻላል፤ በኢንኩቤተሩ (ሣጥኑ በሚቀመጥበት የማስፈልፈያ ዕቃ) ውስጥ አየሩን በዝግታ የምታዞር ትንሽ ማራገቢያ ብትኖር በላይና በታች ያለው ልዩነት ይጠባል። ውኃ የተሞሉ ጠርሙሶችን በባዶው ቦታ መደርደርም ሙቀቱ ቶሎ ቶሎ እንዳይዋዥቅ ያደርጋል፤ ክፍሉ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ይህ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጥቂት ጠብታ ቢቀር ሣጥኑን ወደ አንድ ጎን ጥቂት ማዘንበል ወይም ከእንቁላሎቹ በላይ ዘንበል ያለ ፕላስቲክ ማድረግ ውኃው በሣጥኑ ግድግዳ በኩል እንዲወርድ ያደርጋል። በግድግዳው ላይ የሚታይ ስስ ጤዛ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው በእንቁላሎቹ ላይ የሚንጠባጠበው ነው። እንቁላሎቹን ከእርጥብ ንጣፍ በላይ በፕላስቲክ ፍርግርግ የሚያስቀምጡ አርቢዎች ለዚህ ነገር ከማንም በላይ መጠንቀቅ አለባቸው፤ በእነርሱ ዘዴ እንቁላሉ ውኃውን የሚጠብቀው በአየሩ ብቻ ስለሆነ አየሩ ከሙሉ እርጥበት ብዙም አይርቅም፣ ስለዚህ ትንሽ የሙቀት መውረድ እንኳ ጠብታ ይፈጥራል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ገና ከተጣሉበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተነሥተው ወደ ሞቀ ሣጥን የገቡ እንቁላሎች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያልባቸዋል፤ ከአየሩ ስለሚቀዘቅዙ ጤዛው በእነርሱ ላይ ይጥላል። ሲሞቁ ይጠፋል፤ ማድረቅም መጥረግም አያስፈልግም።

የእርጥበት መለኪያው 100 ከመቶ ካላሳየ ይረጭ የሚለውን የጽሑፉን ምክር በአጭሩ አልፈዋለሁ። ርካሽ የሆኑት መለኪያዎች በተለይ አየሩ ሙሉ እርጥበት አጠገብ ሲደርስና ጤዛ ሲነካቸው ብዙ ይሳሳታሉ። መለኪያውን ማመን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይፈትነው፤ ጥቂት የገበታ ጨው በጠብታ ውኃ ለውሶ ከመለኪያው ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ለአንድ ሌሊት ቢያስቀምጠው መለኪያው 75 ከመቶ ማሳየት አለበት። ካላሳየ ልዩነቱን መዝግቦ ማስታወስ ይገባል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከመለኪያው ይልቅ እንቁላሉ ራሱ ይታይ፤ ሙሉ፣ ነጭና ደረቅ ገጽ ያለው እንቁላል መለኪያው ምንም ቢል ተጨማሪ ውኃ አይፈልግም።

ሣጥኑ ሲከፈት እርጥበቱ ሁሉ ያመልጣል የሚለው ፍርሃት በስሌት ሲታይ መሠረት የለውም። በ31 ዲግሪ ሙሉ እርጥበት የያዘ አየር በአንድ ሜትር ኪዩብ ውስጥ 32 ግራም ያህል የውኃ ተን ይይዛል፤ ስድስት ሊትር አየር ያለው ሣጥን ታዲያ የሚይዘው ከአንድ ግራም አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ አየሩ በሙሉ ቢለወጥ የሚጠፋው ይህችው ናት፤ ብዙ መቶ ግራም ውኃ የያዘው ንጣፍም ወዲያው ይተካታል። በሌላ በኩል ግልገሎቹ እያደጉ ሲሄዱ የሚፈልጉት ኦክስጅን ይጨምራል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚፈጁት ከመጀመሪያዎቹ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻዎቹ ደግሞ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ክዳኑን ለጥቂት ጊዜ ማንሣት፣ ወይም በሣጥኑ ጎን ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎችን ማበጀት ይገባል። ቀዳዳ ላለው ሣጥን ትንንሽ ዝንቦች እንዳይገቡ ስስ ጨርቅ ማልበስ አይረሳ፤ በተጎዳ እንቁላል ላይ የሚጥሉት ትል ጤነኞቹንም ሊደርስባቸው ይችላል።

የሰረጎደ እንቁላል ሞቷል የሚለው ፍርድ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሌሎቹ ስሕተቶች ሊታረሙ ሲችሉ የተጣለ እንቁላል ግን አይመለስም። መሰርጎድ አንድ ምልክት ሲሆን ምክንያቱ እንደ ጊዜው ይለያያል። እንቁላሎቹ ሲጣሉ ጀምሮ አንዱ ጎኑ ገባ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው በትክክለኛ ንጣፍ ላይ ሲቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውኃ ስቦ ይሞላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሞልተው የነበሩ ብዙ እንቁላሎች አብረው ከላይ መሰርጎድ ከጀመሩ ግን ድርቀት ነው፤ ያን ጊዜ የሣጥኑ ክብደት ይታይና የጎደለው ውኃ በንጣፉ ላይ ይጨመር። ድርቀቱ ከባድ ከሆነ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ስፋግነም ሞስ (ውኃ በብዛት የሚይዝ ለስላሳ ተክል) በእንቁላሎቹ ላይ ለጥቂት ቀናት ቢደረግ በአየሩ በኩል ያግዛቸዋል። ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ የሚታየው መሰርጎድ ነው። ግልገሉ አድጎ በእንቁላሉ ውስጥ ያለውን ፈሳሽና አስኳል እየጨረሰ ስለሆነ ቅርፊቱ ይላላል፣ ይጨማደዳል፤ ይህ የመፈልፈል መቃረብ ምልክት ነው። ጽሑፉን የሚከተል አርቢ በዚህ ጊዜ ወይ ለመፈልፈል የደረሱ ግልገሎችን ይጥላል፣ ወይ ድርቀት መስሎት ውኃ ያፈስባቸዋል። ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ብዙ አይሻልም፤ ኦክስጅን በጣም በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ነውና የሚያፍናቸው።

በእርግጥ የሞተ እንቁላልም አለ፤ ግን በመሰርጎዱ ብቻ አይለይም። በጨለማ ክፍል ሙቀት የማትሰጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ ከእንቁላሉ ጎን ቢያስጠጉ ሕያው እንቁላል ውስጡ ሮዝ መስሎ ቀያይ የደም ሥሮች ይታዩበታል። ዘር ያልያዘው ወይም የሞተው ቢጫና ደብዛዛ ሆኖ ምንም ሥር አይታይበትም፤ ቀን እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ይወይባል፣ ይሟሽሻል፣ ይሸታል።

ሻጋታም ቢሆን እንዲሁ ነው። በአብዛኛው የሚበረታው በሞተ ወይም ዘር ባልያዘ እንቁላል ላይ ሲሆን፣ ሕያው እንቁላል አጠገቡ የሻገተ ጎረቤት እያለ እንኳ በደህና ሲፈለፈል ደጋግሞ ይታያል። የእባብ እንቁላሎች ሲጣሉ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ስላላቸው በሰዓታት ውስጥ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዱን ለማውጣት መጎተት የጤነኛውን ቅርፊት ይቀድዳል፣ የተቀደደ ቅርፊት ደግሞ ለሻጋታው በር ይከፍትለታል። ተለይቶ የተቀመጠ የሞተ እንቁላል ይወገድ፤ የተጣበቀው ግን ባለበት ይተው፣ ሻጋታው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ በየጊዜው ይጠረግ፣ ንጣፉም አለመጠን ረጥቦ እንደሆነ ይታይ። ጸሐፊው ሻጋታን ከርጭቱ ጋር አለማያያዛቸው ያስገርመኛል፤ በየቀኑ ገጹ የሚረጥብ እንቁላል ለሻጋታ የተዘጋጀ ማሳ ነው።

ስለ መገላበጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የወፍ እንቁላል አስኳሉን በመካከል የሚይዙ ገመድ መሰል ነገሮች ስላሉት መገላበጥን ይችላል፤ የእባብ እንቁላል እነርሱ የሉትም። ሽሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ በላይኛው ገጽ በኩል ቦታውን ስለሚይዝ፣ ከዚያ በኋላ መገልበጥ ስስ ሽፋኖቹን ለመቀደድ ያጋልጣል። የላይኛውን ገጽ በእርሳስ ምልክት አድርጎ እንደ ነበረ ማስቀመጥ በቂ ነው።

በመቀስ ስለ መክፈት የተሰጠው ምክርም ከእርጥበት ጋር የተያያዘ ነው፤ ጸሐፊው ግልገሎቹ ቅርፊቱ ደርቆ እንዳይዛቸው ብለው ስለሚሰጉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ግልገሉ በአፉ ጫፍ ባለችው ጥርስ ቅርፊቱን ከሰነጠቀ በኋላ አየሩ ቢደርቅ ሽፋኑ ሊጣበቅበት ይችላልና ሣጥኑ እርጥበቱን እንደ ያዘ መቆየት አለበት። ነገር ግን ራሱን ብቅ ያደረገ ግልገል ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ያህል በዚያው መቆየቱ የተለመደ ነው፤ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እያስገባና ሳንባውን እያለማመደ ነው። በዚህ ጊዜ የሌሎቹን ቅርፊት መቁረጥ የደም ሥሮቻቸውን ሊቆርጥና ገና ያልገባ አስኳል ሊያፈስ ይችላል። ወንድሞቹና እህቶቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ አንድ እንቁላል ምንም ሳይሰነጠቅ ሁለት ቀን ቢያልፈውና በብርሃን ሲታይ ሕይወት ቢኖርበት፣ ከላይ በኩል ቅርፊቱን ብቻ የምትነካ ትንሽ ስንጥቅ ማበጀት ይቻላል፤ ከዚያም ክዳኑን ዘግቶ፣ ውኃ ሳይረጩበት፣ ግልገሉ በራሱ ጊዜ እንዲወጣ መተው ነው።